የሰርጌ ቡፌ ጊታር ሲሸከም

ባሌን ጣቱን አይቼ ነው ያገባሁት። ረጃጅም ነው። ይህ ሰውዬ ጫት ቢያስር ገበያውን ሁሉ ይረታል ብዬ ነበር። እሱ ለካ ጣቱን ለጊታር ሰጥቶት ኖሯል! ጫቱን የማስረው እኔው ሆኜ ቀረሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሰበ ተፈሪ የምንኖርበት ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ባሌ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቹ ነው። ጊታሩ የቀበሌ ስለሆነ ጨዋታው ሲያልቅ መጋዘን ይገባል። ብቻውን ደግሞ ጭጭ ያለ እንጨት ነው። እንዲናገር አምፕሊፋየር ይፈልጋል፣ ድምፁን ገደል አፋፍ ላይ እንደጮኹት አድርጎ የሚመልስ ኤኮ የሚሉት ሳጥን ይፈልጋል፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያረጋጋ ሌላ ከባድ ሳጥን ይፈልጋል። የሚያያይዛቸውን ሽቦ ብታዩት የታረደ በሬ አንጀት ነው። ዝግጅት ባለ ቁጥር ባሌ ሽቦ ሲፈታና ሲሰካ ሕዝቡ ያዛጋል።

መቻራ ከተማ ለዝግጅት ሲሄዱ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ሳጥኖቹን እንዲሁ ጭነት መኪና ላይ ወርውረዋቸው ሄዱ። ያ መንገድ እንኳን ሳጥን፣ የሰው ጥርስ ያላቅቃል። እዚያ ደርሰው ባሌ ጊታሩን ቢመታው ምንም፣ ቢመታው ምንም! ቡና ይዞ የመጣው ገበሬ ሁሉ ሳቀ። አንዱማ "ውሃ አጠጣው እንጂ፣ ጠምቶት እኮ ነው!" አለው አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልሳቀም። "በሚቀጥለው ዝግጅት ሚኤሶ ላይ ደግመህ ካዋረድከን ጊታሩ መጋዘን ገብቶ ይቆለፍበታል። በክራርና በከበሮ እንቀጥላለን" አለው።

ባሌ ቤት ገብቶ እህል እምቢ አለ።

"አይዞህ፣ ጫት ተራ አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ ጣትህ ሥራ አያጣም" አልኩት ላስቀው ብዬ። ቀና ብሎም አላየኝ። ያኔ ነው ነገሩ እንደከበደው የገባኝ።

"ቆይ፣ ዕቃው ለምንድነው ለየብቻው የሚሄደው? አንድ ላይ ተደርድሮ፣ ሽቦውም እንደተሰካ ቢጫንስ?"

"ትልልቆቹ ባንዶች እንደሱ ነው የሚያደርጉት። በብረት መደርደሪያ። እኛ ከየት አባታችን እናመጣለን?"

ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቡፌዬ ቆሟል። አማቴ ለሰርጌ የሰጡኝ፣ የመስታወት በር ያለው፣ ማንም የማይጠጣበት ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ።

ብርጭቆውን አልጋ ሥር ከተትኩ። በሩን ፈታን፤ የጀርባውን ጣውላ ስንነቅል ግን አማቴ ጩኸቱን ሰምተው ከጎረቤት መጡ።

"ምነው፣ ሌባ ገባ እንዴ?"

"አይ እማዬ፣ ልጅዎ ነው የገባው።"

"ቡፌዬን! እንግዳ ሲመጣ ምን ልታሳዪ ነው?"

"ልጅዎን ጊታር ሲጫወት አሳያለሁዋ።"

"ሚስት አመጣሁለት ብዬ አናጺ ነው ለካ ያመጣሁለት!" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሰፈራችን አንድ ኦሮሞ በያጅ ነበር። ማዕዘኑን በብረት አሰረልን፣ በግራ በቀኝ እጀታ በየደልን። "ወላሂ አቦ፣ የቡፌ አጥንት ስጠግን ዛሬ ገና ነው!" እያለ ይስቃል።

ባሌ ለልምምድ ብሎ ዕቃውን ከመጋዘን አስወጥቶ መንገዱ ያላቀቀውን ሽቦ አጠበቀ። ከባዱን ሳጥን ከታች አደረግን፣ አምፕሊፋየሩን መሃል፣ ኤኮውን ለእጁ እንዲቀርበው ከላይ። ባሌ ታዲያ እንዳይንቀሳቀስ ብሎ ክፍተቱን ሁሉ በስፖንጅ ጠቀጠቀው። ሰክቶ ትንሽ እንደተጫወተ አንድ ሽታ መጣ። እጄን ብሰድ አምፕሊፋየሩ ይፋጃል።

"ይሄን ነገር አውቀዋለሁ! ጫት ነው!" አልኩ።

"ምን ጫት አለ እዚህ?"

"ጫት ጠቅጥቀህ አየር ካሳጣኸው ውስጥ ለውስጥ ይግልና ጅቡቲ ሳይደርስ ይጠቁራል። ይታሰራል፣ ግን ይተነፍሳል። ስፖንጁን አውጣ!"

"አውጥቼስ? መንገዱ ያንኮታኩተዋል።"

ከጎማ ጠጋኝ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ያን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ለምኜ አመጣሁ። ያንን ላስቲክ እንደ ጠፍር ሸንሽኜ እያንዳንዱን ሳጥን ባራቱም ጎኑ ወጥሬ አንጠለጠልኩት፤ ማንም ማንን አይነካ። ሽቦውንም እንደ ጫት እስር ዘለላ ዘለላውን አሰርኩ። ውጭ የቀረው አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ቡፌውን ስንወዘውዘው ሳጥኖቹ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይሉና ደሞ ቦታቸው ይመለሳሉ። ባሌ ቢወዘውዝ፣ ቢወዘውዝ አልጠግብ አለ።

የሚኤሶው ቀን አማቴ ከሁሉ ቀድመው መኪናው ላይ ወጡ። "ቡፌዬን ተከትዬ ነው" አሉ።

የሚኤሶ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሾፌሩ፣ ከብት አርቢው፣ ወተት ሻጯ ሁሉ ተሰብስቧል። ቡፌውን መድረኩ ላይ ስናወጣው ሳቅ በሳቅ ሆነ። "ብርጭቆው የታለ?" ይላል አንዱ። "ሻይ ቤት ሊከፍቱ ነው!" ይላል ሌላው። ሊቀመንበሩ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

እኔ ወደ ኋላ ዞር ስል አማቴ ከጉያቸው ትልቅ ዳንቴል አውጥተው የቡፌውን ጀርባ እያለበሱት ነው!

"እማዬ፣ ያንሱት!"

"ራቁቱን? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

"ይታፈናል እኮ!"

"እኔ በሀፍረት ስታፈን ማን አዘነልኝ?"

እኔ ስስብ እሳቸው ሲስቡ፣ ሕዝቡ ድራማው ተጀመረ ብሎ ያጨበጭባል። መጨረሻ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ፣ "ይሄ ጨርቅ ካልተነሳ ልጅዎ ዛሬ ጊታሩን ይቀማል" አልኳቸው። ሊቀመንበሩን አዩት። ልጃቸውን አዩት። ዳንቴሉን መንጭቀው ለፀሐዩ ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ አማረባቸውም።

ባሌ አንዷን ሶኬት ሰካ። ቀይ መብራቶቹ ከታች እስከ ላይ በሩ። ክሩን ገና ሲመታው ድምፁ ባቡር ጣቢያው ደርሶ ተመለሰ! ፍየሎቹ ተበተኑ። ሲስቅ የነበረው ሁሉ እየዘለለ "ኢቲ ደበሊ! ኢቲ ደበሊ!" ይላል፣ ጨምርበት ማለቱ ነው። ባሌም ጨመረበት። እኔ ከኋላ ሆኜ እንደታመመ ልጅ አምፕሊፋየሩን እዳስሳለሁ፤ ሞቅ ብሏል እንጂ አልጋለም። ከሌላ ከተማ የመጣው ቡድን ተራው ደርሶ ሽቦውን ሲፈታታ እንኳን ሕዝቡ "ቡፌውን መልሱልን!" እያለ አስቸገረ።

ሊቀመንበሩ ከኋላ መጥቶ ላስቲኩን ሳብ ለቀቅ አደረገው። "ይሄን የማን ጭንቅላት አመጣው?"

አማቴ ቀደሙኝ። "ቡፌው የኔ ነው!"

ሳቀ፤ የሊቀመንበሩን ጥርስ ያን ቀን አየሁት። "እንግዲህ ይሄ መልሶ አይፈታም" አለ። "ጊታሩም ከቡፌው ጋር እነሱ ቤት ይደር።"

ማምሻውን አሰበ ተፈሪ ስንገባ የመጋዘኑ ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ ይጠብቀናል። ሾፌሩ ለምዶበት ሊቆም ሲል አማቴ ጣሪያውን ደበደቡት፦ "ንዳ! ቀስ ብለህ ደሞ፣ ቡፌ ነው የጫንከው!"

እኔም እልልታዬን ለቅቄ፣ "ዝጋው ወንድሜ፣ የሚገባ የለም!" አልኩት ዘበኛውን።