«እኔ ነኝ የሠራሁት» ያልኩት ሚዛን

ሮም ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አገር ቤት ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር፤ እዚህ ግን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ደብር በፈቀደልን አዳራሽ የሐበሻ ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ልጆቹ እዚሁ ያደጉ ናቸው። አማርኛዬን ይሰማሉ፣ የሚመልሱልኝ ግን በጣልያንኛ ነው። እኔ ኢኩዌሽን የምለውን እነሱ ኤኳዚዮኔ ይሉታል።

እንደሚሰለቹ አውቅ ነበር። የማውቀው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሰሌዳ ላይ መጻፍና ማስገልበጥ። «ቁጥሩ የእኩል ምልክቱን ሲሻገር ፕላስ የነበረው ማይነስ ይሆናል» እላለሁ። ይገለብጣሉ። በሳምንቱ ስጠይቃቸው ሁሉም ረስተውታል።

ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ይቀመጡ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አሥመራ በአማርኛ ተምረዋል፣ ሮም አርባ ዓመት ኖረዋል። የአንድ ኮንዶሚኒዮ ፖርቲየሬ ናቸው፤ በር ይጠብቃሉ፣ የተበላሸ ይጠግናሉ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሲሻገር ለምንድነው የሚቀየረው?»

«ሕጉ ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ሰማሁ። ለምን?»

ቅር አለኝ። ዲግሪ የያዝኩትን እኔን በር ጠባቂ ይጠይቀኛል? «ሌላ ጊዜ አስረዳዎታለሁ» ብዬ ዞር አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት አልችልም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፌስታል አንድ ነገር ይዘው መጡ። የልብስ መስቀያ ነው። በሁለት ጫፎቹ የእርጎ ኩባያ በሲባጎ አንጠልጥለው ሚዛን አድርገውታል። የክብሪት ቀፎዎችና አንድ እፍኝ የብሎን ዳዶም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። ባንዱ ኩባያ ሁለት የታሸጉ ቀፎዎችና ሦስት ዳዶ፣ በሌላው አሥራ አንድ ዳዶ ጨመሩ። የቀፎው ክብደት እንዳያሳስት ብለው በዚያኛው በኩል ሁለት ባዶ ቀፎ ደረቡበት። መስቀያው ቀጥ አለ።

«በታሸጉት ውስጥ እኩል እኩል ዳዶ አለ። ስንት ስንት ነው? መክፈት ክልክል ነው» አሏቸው።

ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሡ። የልጅ ልጃቸው ካንዱ ኩባያ ሦስቱን ዳዶ ስታነሣ ሚዛኑ ተንጋደደ። ከሌላውም ሦስት ስታነሣ ተስተካከለ። ምንም የተሻገረ ነገር አልነበረም፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ተነሣ እንጂ። ስምንት ዳዶ ለሁለት ቀፎ፣ አራት አራት። ሲከፍቱት እውነትም አራት አራት ሆኖ ሲያገኙት ጮኹ። ኢኩዌሽን ፈትቶ በደስታ የጮኸ ተማሪ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሚዛኑን አዳራሹ ውስጥ ትተውልን ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ጣልያናዊት የሒሳብ መምህርት ልትጎበኘን መጣች። የዚያን ዕለት አዛውንቱ ሥራ ነበራቸው። ሚዛኑን አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«ማን ነው የሠራው?» አለችኝ።

«እኔ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። «ብራቮ፣ ፕሮፌሶሬ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ መምህር ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ፎቶ አነሣችኝ፤ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፋ፣ ስሜን ከላይ አድርጋ፣ አርብ ከሰዓት በትምህርት ቤቷ ለአስተማሪዎች እንዳሳይ ጋበዘችኝ። ለማስተካከል ጊዜ ነበረኝ። አላስተካከልኩም።

አርብ ዕለት አዛውንቱ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ አይመጡም ብዬ ነበር። ማሳየት ከጀመርኩ በኋላ በሩ ተከፈተና ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። ኮትና ክራባት አድርገዋል። የሠሩት ነገር ለአስተማሪዎች ይታያል ብላ ነግራቸው፣ ከሥራ አስፈቅደው ነው የመጡት። ጠረጴዛው ላይ ከተከመሩት ወረቀቶች አንዱን አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ስሜንና ፎቶዬን ሲያዩ አየኋቸው።

አንድ አስተማሪ እጁን አወጣ። «ኤክስ ሲደመር ሦስት ገባን። ኤክስ ሲቀነስ ሦስትን በዚህ እንዴት ታሳያለህ?»

ዳዶዎቹን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ፤ አስቤበት አላውቅም ነበር። ልጅቷ ወደ አያቷ እያመለከተች በጣልያንኛ፣ «ኖኖን ጠይቁት፣ የሠራው እሱ ነው» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ያኔ እንኳ መዳን እችል ነበር። እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ «አዎ፣ በእጅ ሥራው ረድተውኛል» አልኩ።

አዛውንቱ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሱ። «ሲ፣ አዎ» አሉ ቀጥለው፣ «ረድቼዋለሁ።»

ልጅቷ አያቷን እንጂ እኔን አላየችም። እኔ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው አሳየሁ፣ ጭብጨባውንም ተቀበልኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ አልመጡም፤ ልጅቷም አልመጣች። ሰኞ ወደ ኮንዶሚኒዮው ሄድኩ። በሩ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍላቸው ተቀምጠዋል።

«ይግቡ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

ጠረጴዛቸው ላይ ሌላ ሚዛን ነበር። ከአንዱ ኩባያ ላይ አንድ ክር ተነሥቶ ከላይ በተሰቀለ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ላይ ዞሮ ይወርዳል፤ በጫፉ የተንጠለጠሉት ሦስት ዳዶዎች ኩባያውን ወደ ላይ ይስቡታል። መቀነስ ማለት ይኸው ነበር። አርብ ዕለት መልሱን ያውቁት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» አልኩ። «ዋሽቻለሁ። አዋርጄዎታለሁ።»

«መስቀያ ነው፣ ምን አለው? ይውሰዱት» አሉ። ከዚያ ግን፣ «ያሳፈረኝ የእርስዎ ውሸት አይደለም። እርስዎን ከሰው ፊት ላድን ብዬ እኔም ዋሸሁ፤ ያውም ልጅቷ ፊት። እሷ ሐቁን ተናግራ፣ ውሸታም ያደረግኋት እኔ ነኝ። እስካሁን አኩርፋኛለች» አሉኝ።

የራሴን ኃፍረት ብቻ ይዤ ነበር የሄድኩት። እሳቸውንም እዚያው ኃፍረት ውስጥ እንደ ጨመርኳቸው ያኔ ገባኝ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

«ለእሷ ብቻ አይደለም» አሉ።

ለመምህርቷ የዚያኑ ዕለት ጻፍኩላት። ወረቀቱን እንደምታስተካክል ነግራኝ፣ የመጀመሪያው ግን ለብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተላከ አልደበቀችኝም። ልጅቷን በእናቷ በኩል ለምኜ አስመጣኋትና ቅዳሜ በልጆቹ ሁሉ ፊት ተናገርኩ። ጣልያንኛዬ ለዚህ እንዳይጠበኝ ፈርቼ በአማርኛ ነበር።

«ሎ ሶ» አለች ልጅቷ፤ አውቃለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ኖኖ ግን ለምን እሺ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንዳላፍር ብለው።»

«አሎራ፣ ታዲያ አላፈርክም?»

«አፈርኩ» አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ደብተሯን ከፈተች።

አዛውንቱ ከአንድ ወር በኋላ ተመለሱ። ከኋላ አይቀመጡም፤ ከልጆቹ ጋር ጠረጴዛው ዙሪያ ናቸው፣ የሚሠሩትንም ራሳቸው ያሳያሉ። በቀደም አንድ አዲስ ተማሪ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ከትምህርት ቤቱ የተሰጠው ነው። «ይሄ አንተ አይደለህም?» አለኝ፣ ፎቶውን እያሳየኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ወንበር ስቤ ከልጁ ፊት ተቀመጥኩና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።