ኛሩዋይ በየትኛው እንስሳ ዓመት ተወለደች?

ኛሩዋይ ጋምቤላ ከተማ መሃል የሞተር ሳይክልና የባጃጅ መለዋወጫ ትሸጣለች። ቻይንኛ እንድትማር ያደረጋት ካርቶን ነው። ካንዴላውና ፍሬን ሸራው የሚመጣበት ካርቶን ላይ የተጻፈውን እያየች «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምን ይላል?» ስትል ዓመታት አለፉ። ቻይና ግብርና ተምሮ የተመለሰው ኒካው ቅዳሜ ከሰዓት ቋንቋውን እንደሚያስተምር የሰማች ዕለት ግን ሱቋን ዘግታ ሄዳ ተመዘገበች።

ጥር ላይ ትምህርቱ የቻይናዎች አዲስ ዓመት ላይ ደረሰ። ኒካው ጠመኔውን አስቀምጦ ተረት ጀመረ። የሰማዩ ንጉሥ እንስሳትን ወንዝ በመሻገር ሊያወዳድርና ዓመታትን በአገባባቸው ተራ በስማቸው ሊሰይም ጠራቸው። በሬ አንደኛ ሊወጣ ሲል፣ ጀርባው ላይ ተለጥፋ የተሻገረችው አይጥ ዘላ ቀደመችው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት የአይጥ፣ ሁለተኛው የበሬ ሆነ፤ አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ እንደገና ከአይጥ ይጀመራል።

«ቲቸር፣ ወንዝ ከሆነ አዞ የለበትም?» አለች ኛሩዋይ።

«አዞ አልተጠራም» ብሎ ሳቀ። «በሉ፣ የራሳችሁን እንስሳ እናውጣ። መታወቂያ!»

ከአሥራ አራቱ ተማሪዎች ዘጠኙ መስከረም አንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ተገኙ። የኛሩዋይ መስከረም 1 ቀን 1978 ይላል። ኒካው በጣቱ ቆጠረና «በሬ» አላት። ከብት ክብሩ ለሆነው ለኑዌር ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? «ዎ ሹ ኒዩ»፣ የበሬ ዓመት ልጅ ነኝ፣ ብላ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

ኒካው ግን ዘጠኙን መስከረም አንዶች እያየ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን መታወቂያ አላምነውም። ቤት ጠይቃችሁ ኑ።»

ልጅ ሳለች እናቷ ስላረፈች ኛሩዋይን ያሳደገቻት አክስቷ ኛኬር ናት። ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቷ ስትደርስ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘቻት።

«አክስቴ፣ የተወለድኩት በ78 ነው አይደል?»

«ማን አለ?»

«መታወቂያዬ።»

«እሱማ አጎትሽ ያስጻፈው ነው። ትምህርት ቤት ሲወስድሽ፣ እጅሽን በጭንቅላትሽ ላይ አሳልፈሽ ጆሮሽን ንኪ አሉሽ። ክንድሽ እንደ አባትሽ ረጅም፤ ነካሽዋ! ሰባት ዓመቷ ነው አላቸው። ገና አምስት መሙላትሽ ነበር።»

«ታዲያ መቼ ነው?»

«ውሃው የመጣ ጊዜ። ባሮ ሞልቶ ቤታችን ገባ፤ እናትሽን ምጥ ይዟታል። አኬሎ የሚባል አኙዋ ዓሣ አጥማጅ ወደ ደረቁ መሬት ሊያሻግረን በታንኳው ጫነን። መቼ ታገሥሽ! መሃል ላይ መጣሽ። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ይቀዝፋል፣ እኔ በለበስኩት ጨርቅ ጠቀለልኩሽ።»

ኛሩዋይ አብራ መፈልፈል የጀመረችውን በቆሎ ረሳችው። «ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ኛኬር ተነሥታ ከሻንጣ ውስጥ የሟች ባሏን መጽሐፍ ቅዱስ አወጣች። የኋላው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ነሐሴ 1980። ውሃ ገባ። ሴት ልጅ ተወለደች። ጌታ ይመስገን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኒካው ይህን ሰምቶ ቆጠረ። «በሬው ቀረ። ዘንዶ ነሽ።»

ኛሩዋይ ክው አለች። ያደገችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ የዮሐንስ ራእይ ዘንዶ ሰይጣን እንደሆነ ታውቃለች። «ቲቸር፣ ሌላ አይሆንም?»

«ቃል አጥተን ነው ዘንዶ የምንለው» አላት። «የቻይናዎቹ ግን የአጋዘን ቀንድና የዓሣ ቅርፊት አለው። ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ዝናብ የሚያመጣው እሱ ነው። በውድድሩም መብረር እየቻለ አምስተኛ የወጣው፣ ድርቅ ላለባቸው ሰዎች ዝናብ ሊያዘንብ ቆሞ ነው ይላሉ።»

«ክንፍ አለው?»

«ብዙ ጊዜ ያለ ክንፍ ነው የሚሥሉት።»

«ታዲያ በምን ይበራል?»

ኒካው እሱም ቻይና ሳለ ይህን ጠይቆ እንደማያውቅ አመነ። ኛሩዋይ ያን ቀን «ዎ ሹ ሎንግ» ብላ በታንኳ ላይ መወለዷን በተሰባበረ ቻይንኛ ተረከች፤ «ታንኳ» የሚለው ቃል ሲጠፋት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለችው።

ማታ ለአክስቷ ነገረቻት። ኛኬር መጀመሪያ «በኢየሱስ ስም!» አለች። የዝናቡን ነገር ስትሰማ ግን ጠጋ ብላ፦

«እኔስ?» አለች።

«አንቺ መቼ ተወለድሽ?»

«ሱዳን፣ ናስር ከተማ ነው የተወለድኩት። እንግሊዞች ከሱዳን ሲወጡ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ።»

ኛሩዋይ ደብተሯን ገልጣ ቆጠረች። «ያ 1948 ነው። አዲስ ዓመታቸው ሳይገባ፣ እስከ ጥር ማለቂያ ከሆነ በግ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ጦጣ ነሽ። ስትወለጂ ዝናብ ጀምሮ ነበር?»

ኛኬር መልስ ከመስጠቷ በፊት በቆሎዋን ሲሰርቁ የከረሙትን ጦጣዎች አሰበች።

«ዝናቡን አላስታውስም» አለች ኮስተር ብላ። «በግ ብለሽ ጻፊ። እረኛዬ ጌታ ነው።»