ለመምሬ ቆመን ወረታን መረጥን

የዚያን ቀን የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፣ ልጄ እናኑ፣ እናኑ ያዘለችው ሕፃን፣ የሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር እትዬ ጥሩዬ፣ እንዲሁም የደብራችን ቄስ መምሬ ካሣ። መምሬ ጠዋት ቅዳሴ ስለነበረባቸው «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ በበቅሎ እደርስባችኋለሁ» ብለውን ቀርተው ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ከመዘግየታቸው ነው።

ጎሕ ሲቀድ፣ ከቤት

የምንሄደው ወረታ ነው። ከብሔራዊ ሸንጎው የተላኩ የኮሚቴ ሰዎች መጥተዋል፤ የምርጫው ሕግ ምኑ ይሻሻል፣ ሕዝቡስ፣ ይልቁንም ሴቱ፣ ለምን በብዛት ወጥቶ አልመረጠም ብለው ሊጠይቁ ነው ተብሎ ከየቀበሌው ሰው ተጠራ። ሌላው የየራሱ ነገር ይኖረዋል። እኔ የምሄደው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ የምርጫ ጣቢያ ከርብ ወንዝ ወዲህ፣ በእኛም በኩል እንዲደረግልን። ባለፈው ሰኔ እናኑ የሦስት ወር ልጇን ይዛ ልትመርጥ ስትሄድ ርብ ሊወስዳት ነበር። አሁንም «ምርጫ ከመጣ እሻገራለሁ» ትላለች። ልጄን አውቃታለሁ። ትሻገራለች።

ስንቅ አበዛሁ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለሕፃኑ መቀየሪያ ጨርቅ፣ መኪና ቢያዞረን ብዬ ሎሚ፣ ብርድ ቢመጣ ብዬ ጋቢ፣ ፀሐይ ቢበረታ ብዬ ጃንጥላ።

እትዬ ጥሩዬ አየችና «አንቺ፣ ስብሰባ ነው የምንሄደው ወይስ ዘመቻ?» አለችኝ።

«የሚሆነው አይታወቅም።»

«የሚሆነውማ ይታወቃል። አንቺ ይህን ሁሉ ትሸከሚና እኔ እበላዋለሁ።»

ርብ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና ብቅ እያለች ነው። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ውኃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሞላም፤ አሸዋው ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ግን የእናኑን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ዶሮም አያሰጥም።»

«ዝም በይ! ሰምቶ ይቀየምሻል።»

ረፋድ ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር

ከወንዙ እስከ ጎዳናው ያለው መንገድ በዋልካ መሬት ላይ ነው። በክረምት የላቆጠው ጭቃ አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ የበግ ግልገል ይውጣል። በግራ ኑጉ ቢጫ ሆኖ እስከ ሐይቁ ይወርዳል። በቀኝ የኮሪያ ባለሙያዎች ያስተማሩን ሩዝ ታጭዶ ተከምሯል። ከብቶቹ ጠግበዋል፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሮቹ የፎገራ ላሞች ለሰው ዞር አይሉም።

አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ኑግ ጭኖ ከጎንደር በኩል መጣና ቆመልን። ሾፌሩ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ወዴት ናችሁ፣ እናቶች?»

«ወረታ። ስለ ምርጫ ልንናገር» አለች ጥሩዬ፣ ደረቷን ነፍታ።

«እሰይ! እንግዲያው የእኔንም ንገሩልኝ። በምርጫው ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ። እዚህ ስደርስ የዚያኛው ጣቢያ ሰው ነህ አሉኝ፤ እዚያ ስደርስ የዚህኛው ነህ አሉኝ። እንደ ሌሊት ወፍ ሆኜ ቀረሁ።»

እኔ ጆሮዬ ከጨዋታው፣ ዓይኔ ከመሪው ላይ ነው። «ልጄ፣ ቀስ በል። ከፊት ለፊት በሬ አለ።»

«እናቴ፣ በሬው እኮ ያለው ከጎዳናው ማዶ እርሻ ውስጥ ነው።»

«ይመጣ ይሆናል።»

ወረታ ሲያወርደን ለመምሬ ካሣ ላስቀርላቸው ያሰብኩትን ሎሚ ሁሉ እትዬ ጥሩዬ መጥጣ ጨርሳዋለች።

ቀትር ላይ፣ ወረታ

ወረታ ደምቃለች። አቧራው፣ የጭነት መኪናው ጥሩምባ፣ የሽንኩርቱ ክምር፣ የአንጥረኛው መዶሻ። ስብሰባው ከሚደረግበት አዳራሽ ፊት ለፊት ባለ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ባለቤቱ ወፍራም፣ አንደበቱ የሰላ ሰው ነው። ከወንዝ ማዶ መሆናችንን ሲሰማ፣

«የምርጫ ጣቢያውን ከወረታ ልትነቅሉ ነዋ የመጣችሁት!» አለ።

«አንነቅልም። ሌላ አንድ ይጨመር ነው የምንል» አልኩት።

«ያው ነው። በምርጫው ቀን እዚህ ቤት የቆመ ሰው እንጂ የተቀመጠ አልነበረም። ያ ሁሉ እንግዳ በየመንደሩ ከቀረ ሻዩን እኔ ልጠጣው?»

ጥሩዬ የሰውየውን ሆድ አየት አድርጋ፣ «ቦታስ አለ» አለችው። ሻይ ጨመረልን፤ ግን ስኳር ነሳን።

ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ

አዳራሹ የቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ከፊት ጠረጴዛ አለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ረጅም፣ መነፅር ያደረጉ፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሰው ናቸው። ከአጠገባቸው ሁለት ጸሐፊዎች። ስለ ምርጫ ምልክት ተጠየቀ፣ ስለ ዕጩ አቀራረብ ተጠየቀ። ወንዶቹ ተናገሩ፣ ተናገሩ፣ ተናገሩ። እኔ እጄን አንድ ጊዜ አወጣሁና መልሼ ነጠላዬን ያስተካከልኩ አስመሰልኩት።

በመጨረሻ የእኛ ጉዳይ መጣ። ሊቀመንበሩ ወደ ወረቀታቸው አቀርቅረው፣

«የምርጫው ጣቢያ እንደ ነበረው ወረታ ብቻ ይሁን የምትሉ፣ ከተቀመጣችሁበት ተነሡ» አሉ።

የከተማው ሰዎች፣ ባለሻይ ቤቱም ጭምር፣ ከፊት ወንበር ተነሡ። በዚያችው ቅጽበት የኋላው በር ተከፈተና መምሬ ካሣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጥምጥማቸው አቧራ ለብሶ ገቡ።

«ኖር! ኖር!» አለ ከኋላ ያለው ሁሉ። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ቄስ ቆሞ ማን ይቀመጣል?

መምሬ «በእግዜር! ኧረ በእግዜር ተቀመጡ!» እያሉ ከኋላ አግዳሚ ላይ ዘፍ አሉ። ሊቀመንበሩ ቀና ሲሉ ያዩት የቆመ ሕዝብ ብቻ ነው።

«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል!» አሉ።

ጭብጨባው ተነሣ። ሲጨበጨብ ማጨብጨብ ልማድ ነውና እኛም አጨበጨብንና ተቀመጥን።

እናኑ በክርኗ ጎሸመችኝ። «እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ለመምሬ ነዋ የቆምኩ።»

«ወረታን መረጥሽ!»

በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር ላይ «የለም» ማለት ቀላል አይደለም። ጥሩዬን አየኋት፤ ጣሪያውን ታያለች። በሰኔው ውኃ ውስጥ ልጄ ትታየኛለች። ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ። እኛ የቆምነው ለወረታ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለመምሬ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን ገለጡ። «መምሬ የሚባል ጣቢያ አልቀረበም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ካሣ ከኋላ፣ «እኔ ነኝ፣ ልጄ። መርጠውኝ እንደሆነ ይቅርብኝ፤ የደብሩም ሥራ በዝቶብኛል» አሉ።

ባለሻይ ቤቱ ግን አልሳቀም። «የቆመ ቆሟል! የተወሰነ አይገለበጥም!»

ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ወደ እኔ ዞረው፣ «እናቴ፣ ርብን ጠዋት አየነው። ሕፃን ይሻገረዋል። ሌላ ጣቢያ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ ምርጫው በሰኔ ነበር። ወንዙን በኅዳር አይተው ለሰኔው አይፍረዱ።»

እናኑ ሳትጠየቅ ከጎኔ ብድግ አለች። «ውኃው እስከ ደረቴ ደረሰ። ያን ቀን ሁለቱንም እጆቼን አውጥቻለሁ፤ ልጄን ከላይ ይዤ። ሰዎች በነጠላ ስበው መለሱኝ። ሴቶች ለምን አልወጡም ካላችሁ እኔ ወጥቼ ነበር። አሁንም እወጣለሁ።»

ሊቀመንበሩ መነፅራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ቀጥለውም «ድምፅ እንደገና ይሰጣል። በመቆም አይደለም፣ እጅ በማውጣት። አባታችን ግን እባክዎ፣ እስክንጨርስ ከቦታዎ እንዳይነሡ» አሉ።

መምሬ «እግሬስ መቼ ያነሣኛል» አሉ።

ይጨመር ያልነው በለጥን። ባለሻይ ቤቱ እጁን ኪሱ ከተተ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ጻፉት፤ ለጸሐፊዎቹ አልሰጡትም። «እኛ አንወስንም፤ የሚወስነው ሸንጎው ነው። ቃላችሁን ግን እኔው አደርሳለሁ» ብለው ለእናኑ እጅ ነሱ።

ሲመሽ፣ ርብን ተሻግረን

ስንመለስ መምሬ በቅሏቸውን ለእናኑ ለቀው በእግራቸው ሄዱ። ጥሩዬ መንገዱን ሁሉ እኔ ስናገር እንዴት እንደደገፈችኝ ለመምሬ አወራች። ጣሪያውን እንጂ እኔን ስትደግፍ አላየሁም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ገባን።

ይህን ስጽፍ ፋሲካ አልፏል። በጉና በኩል ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ሌላ ምርጫ ሊመጣ ነውም ይባላል። እናኑ ከወዲሁ የምትለብሰውን አጥባ አስቀምጣለች። ከወረታ ምንም አልተነገረንም።

የሊቀመንበሩን ስም ሳልጠይቅ ቀረሁ። ረጅም ናቸው፣ መነፅር ያደርጋሉ፣ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ። እኚህን ሰው የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ ደኅና ገብተው እንደሆነ፣ ቃላችንንም አድርሰው እንደሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባ በዚሁ ጋዜጣ በኩል ይንገረኝ።