የስኳር ወረፋ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ባሌም ሳያውቀው ሞተ። ለእናንተ ለማታውቁኝ የምነግራችሁ ደፋር ሆኜ አይደለም። ከትናንት ወዲያ የወዳጄ ልጅ መዲና ቤቴ መጥታ ከሄደች ጀምሮ እህልም እንቅልፍም እምቢ ስላለኝ ነው።

በደርግ ጊዜ መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ከመርፌዬ ይልቅ በምክሬ ነበር የምታወቀው። ሐኪም «ወደ ቤት ውሰዱት» ያለው በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ደግሞ አንድ ምክር ብቻ ነበረኝ፤ በሽተኛው ፊት እንባ እንዳይታይ፤ እንባችሁን ካየ መሞቱን ያውቃል፤ ካወቀ ቶሎ ይሄዳል። ማን አስተማረኝ? ማንም። አገሩ ሁሉ የሚለውን ነጭ ጋዋን አልብሼ መልሼ ለአገሩ ነገርኩት።

ዘሀራ እኩያዬ ነበረች። ባሏ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ የሚሸጡ፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሰው ነበሩ። ጉበታቸው ላይ ካንሰር ወጣ። ለዘሀራ ተነገራት፤ ለእሳቸው አልተነገራቸውም። ዘሀራ ሕፃን ልጇን መዲናን አዝላ መጣችና «ሲስተር፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ያችኑ ምክሬን ሰጠኋት። እንባሽ ከመጣ ስኳር ወረፋ ልይዝ ነው ብለሽ ውጪ አልኳት። ሰበቡን ሳይቀር የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ስኳር በራሽን ስለነበር ከቀበሌ ሱቅ ደጅ ሰልፍ አይጠፋም። ዘሀራ ግን ሱቁ ጋ አትደርስም። የምትመጣው እኔ ጋ ነው። ከክሊኒኩ ጀርባ፣ መርፌ የምንቀቅልባት ጠባብ ክፍል ገብታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ከዚያ ፊቷን ትታጠብና ፈገግታዋን አስተካክላ ትመለሳለች። «ጎበዝ» እላታለሁ። አዎ፣ እኔ ጎበዝ እላት ነበር።

ማስታገሻ ልወጋቸው በየቀኑ ቤታቸው እሄዳለሁ። አንድ ሐሙስ ጋሽ ሰይድ እጄን ያዙኝ።

«ሲስተር፣ አንቺ አትዋሺኝም። ዘሀራን ሰለቸኋት አይደል?»

«ኧረ ጋሼ! ምን ነካዎት?»

«ወር ሙሉ ስኳር ወረፋ ስትሄድ ከረመች፤ ሻዬ ግን ይኸው መራራ ነው። ስትመለስ ደግሞ ትስቃለች። እኔ እዚህ አጥንቴ ወጥቶ፣ እሷ ትስቃለች።»

እኔ ጋ ሆና እያለቀሰች ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ለምን ዋጥኩት? ካልኩ መሞታቸውን ያውቃሉ፣ ከሞቱም ነርሷ ገደለቻቸው እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ያሳፍራል። ምክሬ ስሕተት ሆኖ እንዲገኝ አልፈለግኩም። የእኔ ስም እንዳይጎድፍ፣ አንድ ሰው ሚስቴ ጠላችኝ እንዳለ ይሙት አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ ሌላ ማንም አይደለም። «ወረፋው ረጅም ነው ጋሼ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ዘሀራ እንደ ልማዷ ክሊኒኩ ጀርባ ስታለቅስ ትቻት፣ መርፌዬን ይዤ እሳቸው ጋ ስደርስ አተነፋፈሳቸው ተለውጧል። እኔ ካለፍኩ በኋላ ሰጋጁ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ወደ ክሊኒኩ በዚያ በኩል መመለስ አይቻልም። በጓሮ ግን ይቻል ነበር። በጓሮ ዞሬ ልጥራልዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን አሁን ለመጻፍ አቅም የለኝም፤ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ዘሀራ ስትመጣ ዓይናቸውን ከድኜ ጨርሻለሁ። «ምን አሉ? ስለኔ ምን አሉ?» ብላ ጮኸች። «መረቁሽ። ዘሀራዬ ጠንካራ ናት አሉ» አልኳት። እግሬ ላይ ወድቃ ሳመችኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለኢድ ጣፋጭ ትልክልኛለች። በተገናኘን ቁጥር «እስቲ ያሉትን ድገሚልኝ» ትለኛለች፣ እኔም እደግምላታለሁ። አንዳንዴም ጨመር አደርግበታለሁ።

ዛሬ ዘሀራ ራሷ አልጋ ይዛለች። ሐኪም ወደ ቤት መልሷታል። ያቺ ያኔ የታዘለችው መዲና ከትናንት ወዲያ መጥታ ታጽናናኝ ጀመር።

«አይዞዎት እትዬ። እናቴ እርስዎ የመከሯትን ለሰፈሩ ሁሉ ስትመክር ነው ያደግኩት። ፊቷ አላለቅስም። ዳቦ ልግዛ እያልኩ እወጣለሁ።»

«እሷስ ምን ትላለች?» አልኳት።

«ምንም። እስክመለስ በሩን ታያለች።»

«ሂጂና ፊቷ አልቅሺ፤ እጇን ይዘሽ አልቅሺ!» ብዬ ጮኽኩባት። ደንግጣ አየችኝ። «ታዲያ ያኔ እናቴን ለምን ከለከሏት?» አለችኝ።

ይቅርታ ማንን ልጠይቅ? ጋሽ ሰይድ የሉም። ለዘሀራ እውነቱን ብነግራት፣ ይዛው የምትሞተውን ምርቃት ከእጇ መንጠቅ ነው። ለእሷ አዝኜ ነው ዝም ያልኩት እንዳልል ደግሞ ያኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አዝኜ ነው ወይስ አሁንም ስሜን ፈርቼ? እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ራሴን አላምነውም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እሳቸው ያሉትን ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

በዚያ ጁምዓ «በጓሮ ዞሬ ዘሀራን ልጥራልዎት?» ስላቸው፣ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ተያት ሲስተር» አሉኝ። «ወረፋዋ ያልፋታል።»

እኔም ተውኳት።