ጫኖ ላይ የተከፈተው ፊልም

የምሠራበት ፎቶ ቤት ፒያሳ ነው። ከቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ሌላ ሥራ የለንም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሰው ይገባል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔ አነሳለሁ። ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳነሳ ኖሬ ኖሬ ሰለቸኝ። እሑድ እሑድ ካሜራዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ መርካቶ እየወረድኩ የማላውቃቸውን ሰዎች ማንሳት ጀመርኩ፤ ሸክሙን አውርዶ ወገቡን የሚያፍታታ ኩሊ፣ በዋጋ የምትከራከር ሽንኩርት ሻጭ። ሳያዩኝ ነው የማነሳቸው። ካዩኝማ ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ወይ አብዮት ጥበቃ ይጠሩብኛል።

አንድ የባህል አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ፎቶዎቹን አየና መርካቶ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከክፍለ ሀገርም ፊቶች ካመጣሁ አንድ ሙሉ ግድግዳ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ግድግዳ! እንቅልፍ ነሳኝ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ያኔ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ በልመና ያገኘሁት ሦስት ጥቅል ብቻ ነበር። ጋሞ ጎፋን የመረጥኩበት ምክንያት ደግሞ ብዙም የሚያኮራ አይደለም። የአክስቴ ልጅ መስፍን አርባ ምንጭ ስለሚያስተምር አልጋ በነፃ ነው።

እስከ ሲቀላ

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ሻሸመኔ ምሳ በላን፤ ሶዶ ስንደርስ መሸብንና አደርን። በመካከሉ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወርደው ፈተሹን። ወታደሩ ካሜራዬን አገላብጦ አየና ምን ልታነሳበት ነው አለኝ። ሐይቅ አልኩት። ሐይቅ ማንን ያስቀይማል? ካሜራውን መለሰልኝ።

በማግሥቱ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ግራችንን ይዞ ዓባያ ሐይቅ የተበጠበጠ ሸክላ መስሎ ተዘርግቷል። ሲቀላ፣ የታችኛው የአርባ ምንጭ ከተማ፣ እንደደረስኩ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በልቼ እጄን ሳልታጠብ ማለት ይቻላል ወደ መንገድ ወጣሁ። ሙዝ የጫነች ጋሪ፣ የዓሣ መረብ የሚጠግን ወጣት፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚያንጎላጅ ነጋዴ። ነጋዴው እንቅልፍ ላይ አልነበረም ለካ። ጠራኝና ሻይ አስመጣልኝ። ከስልጤ አገር የመጣ ረጋ ያለ ሙስሊም ነው። ቆጣም ሳይል፣ የሰው ፊት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሰላም ቢል እንደማይከፋ ነገረኝ። ሳቅኩና ሻዬን ጠጣሁ። ምክሩን ግን እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ትቼው ሄድኩ።

ጨንቻ

መስፍን የጨንቻ ገበያ ቀን ጠብቆ ወሰደኝ። የጭነት መኪናው ጠመዝማዛውን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ታች ላብ ያጠመቀን ሰዎች ጫፉ ላይ ስንደርስ ጋቢ አማረን። ጉሙ እንሰቱ ላይ ተኝቷል። ገበያው ውስጥ ቅቤ፣ ቀርከሃ፣ ድንችና የተፈተለ ጥጥ ሞልቶ፣ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገበያያል።

ጥጥ የምትፈትለውን ሴት ያየኋት እዚያ ነው። ጎረቤቷ የሆነ ነገር ነግራት በሣቅ ፈነዳች፤ ቅንድቧ ላይ ብን ያለች ጥጥ አርፋለች፤ እንዝርቷ አየር ላይ ይሽከረከራል። አነሳኋት። ስንት ዓመት የፈለግሁት ይህን ነበር። ግድግዳው መሀል የምትሰቀለው እሷ እንደሆነች ያኔውኑ ወሰንኩ፤ ቁልቁል ስንመለስም ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር።

ጫኖ

እሑድ ጠዋት መስፍን ከከተማው በስተ ሰሜን ወዳለው ጫኖ፣ የሚያውቀው ገበሬ ማሳ ወሰደኝ። በመስኖው ቦይ ዳር በሙዙ መሀል ስንሄድ ከአንድ አጥር ግቢ ሰዎች ሲወጡ አየሁ፤ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት፣ ደግሞ አንድ። ፊታቸው ላይ ገበያም ሠርግም ቤት አይቼው የማላውቀው ብርሃን ነበር። ማንጎ ግንድ ተጠግቼ ደጋግሜ አነሳሁ። አንዲት ሴት የካሜራውን ድምፅ ሰማች መሰለኝ ዞር አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግቢው ሮጠች። የቀሩትም ተበተኑ።

መስፍን ክንዴን ጨምድዶ ይዞ ጎተተኝ። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። ጴንጤዎች ናቸው አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልያሉ፤ የተያዘ ይታሰራል። እኔ ለማንም እንደማላሳይ ነገርኩት። ክንዴን ሳይለቅ ወደ ገበሬው ማሳ ወሰደኝ።

ማንጎ ሥር በተሠራው የገበሬው ዳስ ተቀምጠን ኩርኩፋ ቀረበልን፤ ሀለኮ በሚሉት የዛፍ ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ ድቡልቡል ነው። ሁለተኛዋን ሳላነሳ አንድ ሽማግሌ በቦዩ ዳር ቀስ እያሉ መጡ። በሁለት እጃቸው ገና የታጨደ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ፊቴ ደርሰው ተንበረከኩ።

መስፍን ብድግ አለ፤ ገበሬውም ተነሳ። ከመሬት ላነሳቸው ብሞክር እሺ አላሉኝም። መስፍን በጆሮዬ ነገረኝ፤ በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ደም የተቃቡ እንኳ ይቆማሉ፤ ያን ሣር ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ሽማግሌው አባባ ማዳልቾ ይባላሉ፣ የዚያ ግቢ ጎረቤት ናቸው።

“ልጄ፣ እኔ እነሱ ጋር አልጸልይም” አሉኝ ሰበርበር ባለ አማርኛ። “ቤታቸው ገብቼም አላውቅም። አጥራችን ግን አንድ ነው። ፊቱን የሸፈነው ሴትዮ አይተሃል፤ ባሏ እስር ቤት ነው። እሷም ከሄደ ልጆች ሜዳ ላይ ቀሩ።”

“አባባ፣ ፊልሙን አዲስ አበባ እንደገባሁ አጥበዋለሁ። የእነሱን ብቻ ቆርጬ አቃጥላለሁ። በእናቴ እምላለሁ።”

“አንተን አምናለሁ” አሉ። “መንገዱን ነው የማላምን። ኬላ ላይ ያለው ሰውዬ ፊት ማን ሣር ይዞ ይቆማል?”

የጨንቻዋ ሴት እዚያው ጥቅል ውስጥ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ሽማግሌው ላይ ተናደድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ያልተነካ ፊልም ነበረኝ፤ እሱን አውጥቼ ብዘረጋላቸው ማን ያውቅብኛል? ይህን ሳሰላ ቀና ብዬ አየኋቸው። እጄን አላዩም። ዓይኔን ነበር የሚያዩት፤ የሣሩ ውኃ በክርናቸው ይንጠባጠባል።

ካሜራውን ከፈትኩ። ፊልሙን ከጥቅሉ መዝዤ እስከ ጫፉ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ሣቋም፣ ጥጧም፣ እንዝርቷም በብርሃን ተቃጥለው እዚያው ቀሩ። መስፍን ትከሻዬን ያዘኝ።

አባባ ማዳልቾ ተነሱ፤ ጉልበታቸውን አራገፉ። ፊልሙ ማንጎው ሥር ተጠቅልሎ ሲቀር ብዙ አዩት። የምን ሥዕል እንደነበረበት ጠየቁኝ፤ ስለ ጨንቻዋ ሴት ነገርኳቸው። ከዳሱ አጠገብ ያለው ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

“በል አሁን እኔን አንሳ” አሉኝ። “እኔን ለፈለግኸው አሳይ።”

የመጨረሻውን ፊልም አስገባሁ። የማንጎው ጥላ ከባድ ነበርና የካሜራውን ዓይን ትንሽ አቆይቼ መዝጋት ነበረብኝ፤ እንዲህ ሲሆን የተነቃነቀ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። እንዳይነቃነቁ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ሣሩን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ፊት ለፊት አዩኝ፤ አንዴ ብቻ አነሳሁ።

መልስ

ስመለስ ያው ኬላ ላይ ሌላ ወታደር ቦርሳዬን ዘረገፈ። የሲቀላውን ጥቅል አገኘና ታጥቦ ይታያል ብሎ ኪሱ ከተተው። ካሜራው ውስጥ ስላለው አልጠየቀኝም። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ኪሱን አየሁት። በዚያ ኪስ ውስጥ ልትሆን ትችል የነበረችው ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው ሴት ናት።

ፒያሳ እንደደረስኩ ጨለማ ክፍል ገባሁ። ጓደኛዬ ግድግዳውን አልነፈገኝም፤ አንድ ፎቶ ብቻ ሰቀልኩበት። ከዚያ ወዲህ መርካቶ ስወርድ ካሜራዬን በጋዜጣ አልጠቀልልም። ሰላም እላለሁ፣ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ እምቢ ይሉኛል፤ እምቢታቸውን ይዤ እመለሳለሁ።

ጓደኛዬ ፎቶውን ሲያየው ፊታቸው ጥርት ብሎ ሳለ ሣሩ ለምን ደበዘዘ፣ ተበላሽቶብህ ነው ወይ አለኝ። አልተበላሸም አልኩት። ሽማግሌው እያዩኝ ይተነፍሱ ነበር።