ያልጮኸው የሞሩላኔ ማቀዝቀዣ

ኬሌቦንዬ ባሏን ቀብራ ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት ቢሮው ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሳቀ ሰው አልነበረም። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ጥቁር ሻል ደርባ ገባችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ባልደረቦቿ አንድ በአንድ እየመጡ እጇን ጨበጡ። ሁሉንም አመሰገነች። ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ግን ብትጠየቅ አታውቅም ነበር።

ባሏን ኦዲርሌን የገደለው መኪና ነው። ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ሲነዳ አስፋልቱ መሐል የቆመች አህያ ገጨ። ስልክ የደወለላት ፖሊስ "አህያዋም ሞታለች፣ ሹፌሩም ሞቷል" አላት፤ ልክ በዚህ ቅደም ተከተል። የተቀበረው በትውልድ መንደሩ በሞሩላኔ ነው። እሷ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ላልቅስ ብላ ፊቷን በሻሏ ሸፍና ጠብቃ ነበር፤ የመጣ ነገር ግን የለም። የባሏ አክስቶች ከኋላዋ "ይህችስ ልቧ ደርቋል" ሲባባሉ ሰማች። አልከፋትም። ሰው የሚከፋበት ቦታ ከውስጧ የት እንደገባ ራሷም አታውቅም ነበር።

የምትሠራው በዋና ከተማው በጋቦሮኔ፣ በአንድ የከብት አርቢዎች ማኅበር ውስጥ ነው። ማኅበሩ በየመንደሩ መደብር ከፍቶ ጨው፣ መኖ፣ የአጥር ሽቦና የከብት መድኃኒት ይሸጣል። በየመደብሩ አንድ ኮምፒውተር አለ። እነዚህን ኮምፒውተሮች ከሩቅ ሆና የምትጠብቅ እሷ ናት። ድሮ አንድ ነገር መለወጥ ሲፈለግ በያንዳንዱ ውስጥ ተራ በተራ እየገባች ትጽፍ ነበር። ኋላ ግን አብነት መጻፍ ተማረች። አብነት አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ከዚያ ራሱ እያንዳንዱን መደብር እየጠየቀ፣ ክፍት ቦታዎቹን እየሞላ፣ ለሁሉም እንደየመልኩ ትእዛዝ ያዘጋጃል። ጎበዝ ደብዳቤ ጸሐፊ እንደማለት ነው።

ችግሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሦስት አድራሻ ያለው መሆኑ ነው። በአንዱ ከውጭው ዓለም ይነጋገራል፣ በሌላው ከሽያጭ ማሽኖቹ፣ በሦስተኛው ከመድኃኒት ማቀዝቀዣዎቹ። አለቃዋ፣ በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ ራ ሞኮቴዲ የሚባሉት፣ ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም።

"ሦስት ቤት የሌለው ሰውም ሰው ይባላል እንዴ?" አሉ። "እኔ መንደር አለኝ፣ እርሻ አለኝ፣ ከብቶቼ የሚሰማሩበት ጣቢያ አለኝ። የፈለገኝ ሰው መጀመሪያ ወቅቱን ይጠይቅ።"

"ባለቤትዎ ግን ሦስቱንም ዞሬ አጣኋቸው ብለውኛል" አለቻቸው ኬሌቦንዬ። ያኔ ኦዲርሌ በሕይወት ነበር፤ ለቀልድ መልስ አታጣም ነበር።

ከሐዘኗ ስትመለስ የተሰጣት ሥራ ይህ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ሲሞቅ የመደብሩ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ጋቦሮኔ እንዲጮኽ ማድረግ። አብነቱ ከሦስቱ አድራሻዎች የማቀዝቀዣውን ብቻ መምረጥ አለበት። አድራሻዎችም እንደ ሰው በሰፈር በሰፈር ይኖራሉ፤ የመጀመሪያ ቁጥሮቻቸው የሰፈራቸው ስም ናቸው። የማቀዝቀዣዎቹ ሰፈር አሥር አርባ ይባላል፤ መጀመሪያ አሥር፣ ቀጥሎ አርባ። ስለዚህ አብነቱ ውስጥ ወንፊት አኖረች። ወንፊቱ ሦስቱን አድራሻ ይቀበላል፣ በአሥር አርባ የሚጀምረውን ያሳልፋል፣ የቀሩትን ያስቀራል። ያለፈው አድራሻ "ሙቀት ሲጨምር ከዚህ ጩኽ" ከሚለው መስመር ቀጥሎ ይጻፋል።

እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ እሷ ባትኖርም ይሠራል። ጻፈችው፤ በከተማው መደብሮች ሞከረችው፤ ማቀዝቀዣ ከፍተው ሲተዉት ሁሉም ጮኹ። ወደየመንደሩ ላከችው። ከዚያ በኋላ ስክሪኗ ላይ የመደብሮቹ ስም በአረንጓዴ ተደርድሮ ይውላል። ራ ሞኮቴዲ ከኋላዋ ቆመው ያዩና "ጸጥ ብሏል፤ ጥሩ ሥራ ነው" ይላሉ። እሷንም እንደዚሁ ነበር የሚሏት። አታለቅስም፣ አትቀርም፣ አታጉረመርምም። በርትታለች ተባለ።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን አንድ ጠዋት የባሏ ታላቅ ወንድም ሴልዋኔ ደወለ። የሞሩላኔ መደብር ኃላፊ እሱ ነው። በልጇ ስም ምማ ቱሜሎ፣ የቱሜሎ እናት፣ እያለ ይጠራታል።

"እንዴት አደርሽ፣ ምማ ቱሜሎ?"

"ደህና አደርኩ፣ ራ። እርስዎስ?"

"እኛ እንኳ በጨለማ ሰንብተናል። መብረቅ የመንደሩን መብራት ወሰደው፣ ጄኔሬተሩም ነዳጅ ጨረሰ። መብራቱ ትናንት ነው የመጣልን።"

"ማቀዝቀዣውስ?"

"ማቀዝቀዣው ምን ይሆናል? መብራቱ ከመጣ ወዲያም ማሽንሽ ጮኸ ብለሽ አልደወልሽም። ሰው ሁሉ 'ክትባቱ ተበላሽቶ እንዳይሆን' ሲለኝ፣ 'የወንድሜ ሚስት ከጋቦሮኔ ትጠብቀዋለች፣ ሞቆ ቢሆን አገር ይያዝ ትል ነበር' አልኳቸው። ነገ ጠዋት ጥጆቹን መውጋት እንጀምራለን። ከብቱ ከየጣቢያው እየገባ ነው።"

"ይቆዩ፣ ልይልዎት። መልሼ እደውላለሁ" አለችው።

ስክሪኗን አየች። ሞሩላኔ ቀይ አልሆነም። አረንጓዴም አይደለም። የለም። ስሙ ከተደረደሩት ውስጥ ኖሮም አያውቅም፤ እሷም ቆጥራ አታውቅም። አብነቱ ለሞሩላኔ ያዘጋጀውን ትእዛዝ ከፈተች። "ሙቀት ሲጨምር ከዚህ ጩኽ" ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። የሞሩላኔ መደብር ድሮ ከመንደሩ ውጭ እርሻዎቹ አጠገብ ነበር። ወደ መንደር ሲዛወር የማቀዝቀዣውን አድራሻ የቀየረለት የለም፤ የድሮ ሰፈሩን ቁጥር፣ አሥርና አርባ ሳይሆን አሥርና አርባ አንድን፣ እንደያዘ ገባ። በዓይን ሲያዩት ጎረቤት ነው። በወንፊቱ ግን ባዕድ ነው። ወንፊቱ ሦስቱንም አድራሻ አስቀረና ምንም አላሳለፈም። ወንፊት ደግሞ ምንም ካላለፈለት አይናገርም፤ ባዶ እጁን ይዘረጋል። አብነቱም ባዶውን ተቀብሎ፣ በቦታው ጽፎ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ አለ።

አሥር አርባ አንድን ወንፊቱ ላይ ጨመረችና እንደገና ላከችው። ሞሩላኔ ብቅ አለ፤ አረንጓዴ ነው፣ አራት ዲግሪ። ማቀዝቀዣው ላይ ያለችው መለኪያ በባትሪ የምትሠራ ናትና ያሳለፈችውን ሁሉ ይዛ ቆይታ ነበር። ሰሚ እንዳገኘች የያዘችውን አፈሰሰችው። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ ሙቀቱ ወጥቶ ወጥቶ ከደጁ ጥላ ጋር እኩል ሆኗል፤ በዚያው ሰንብቷል፤ ወደ አራት የወረደው ትናንት ነው።

ራ ሞኮቴዲን ጠርታ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

"አሁን አራት ዲግሪ ነው" አሉ።

"አሁን፣ አዎ።"

"ሁሉም አልተበላሸ ይሆናል።"

"ይሆናል።"

"ሌላ ክትባት ቶሎ እንደማይመጣ ታውቂያለሽ። ለበላይ በወጉ እንጻፍና መልስ እንጠብቅ።"

"የሚወጉት ነገ ነው፣ ራ።"

አዩዋት፤ ከዚያም ሻሏን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ። በሐዘን ላይ የተሠራ ስሕተት ነው። ተዪው፣ እኔ በእርጋታ ልያዘው።"

ደግ ሰው ናቸው፤ ያሉትም ከልባቸው ነበር። ኬሌቦንዬ ልትፈራ ጠበቀች። ፍርሃቱ እንደ ልቅሶው ሳይመጣ ቀረ። ወደ ሐሳቧ የመጡት ጥጆቹ ብቻ ናቸው። የሞተ ክትባት ከደህናው በዓይን አይለይም፤ ጠርሙሱ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው። ጥጃውን ይወጉታል፣ ባለቤቱ እፎይ ብሎ ወደ ጣቢያው ይመልሰዋል፤ ከዚያ አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ይመጣና ከመንጋው የሰባውን የሰባውን እየመረጠ ይጥላል።

"የለም ራ፣ እኔ እደውላለሁ" አለች።

ለሴልዋኔ ደውላ ያየችውን ሁሉ ነገረችው።

"ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ" አላት።

"አዎ።"

"አዎ ትለኛለች ደግሞ! ወንድሜን በደረቅ ዓይን ቀበርሽ፣ ይህንንም በደረቅ አፍ ትነግሪኛለሽ። ሰዉ ከብቱን ከስንት አገር ነድቶ መጥቷል። ምን ልበለው?"

"ሞቋል ይበሉት።"

"ሞቋል ስል ምን እንደሚሉኝ ጠፍቶሽ ነው?"

አልጠፋትም። በመንደሩ እምነት ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሩን እስክታወልቅ ድረስ ትኩስ ናት። ደሟ ትኩስ ነው፣ እግሯ ትኩስ ነው፤ በከብት መሐል አታልፍም፣ ካለፈች ላሞቹ ያስወርዳሉ ይባላል። ማቀዝቀዣውን የምትጠብቀው እሷ እንደሆነች ደግሞ ሴልዋኔ ራሱ ለመንደሩ ሁሉ አውርቷል።

"የትኩሷ ሴት እጅ ነክቶት ሞቀ ይላሉ" አለ። "የሚነሣው የወንድሜ ስም ነው።"

"ይበሉ። ብቻ እንዳይወጉ።"

"እኔ ይህን አልናገርም" አለ። "ራስሽ ንገሪያቸው። ሁሉም ኮትላው ተቀምጧል፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አኖርልሻለሁ።"

ኮትላ የመንደሩ ሸንጎ ነው። የሴልዋኔ ርምጃ ተሰማት፣ ቀጥሎ የሰው ሳል፣ ከወዲያ የከብት እምቧታ። ሴልዋኔ "የምትናገረው የኦዲርሌ ሚስት ናት" ሲል ተሰማት።

"ሰላም ለእናንተ ይሁን" አለች። "ክትባቱ ሞቷል። መብራት በሌለበት ጊዜ ሞቆ ነው የሞተው። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። የማቀዝቀዣዎቹን ሰፈር ስከልል የሞሩላኔን ቁጥር ከአጥሩ ውጭ ትቼዋለሁ፤ ስለዚህ አልሰማሁም። ጥጆቻችሁን አትውጉ።"

አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ "ይህች ጥቁር የለበሰችው ናት?" አለ።

"እሷ ናት" አለ ሴልዋኔ።

"ታዲያ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ምን ያጠያይቃል?"

ማጉረምረም ሆነ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ "አባቴ፣ ጋቦሮኔ ተቀምጣ የሞሩላኔን ዕቃ የምታሞቅ ከሆነ ለኔም ድስቴን ታሙቅልኝ፤ ማገዶ ለቀማ ወገቤን ጨርሶታል" አለች። ሳቁ ኮትላውን አናወጠው። ሽማግሌውም ሳቁና አሳላቸው።

ሳሉ ሲለቃቸው፣ "ስሚ ልጄ" አሉ። "ዝም ብትዪ ኖሮ ይህን ነገር ማን ያውቀው ነበር?"

"ማንም አያውቅም።"

"እስከ መቼ?"

"ጥጆቹ እስኪወድቁ። ያኔም ክትባቱን ሳይሆን በሽታውን ነበር የምትረግሙት።"

ከዚያ ሽማግሌው፣ "የሙቀቱ ነገር ለሌላ ቀን ይቆየን" አሉ። "ከእኔ ጥጆች አንድም አይወጋም።"

"እኔ ግን ይህን ሁሉ መንገድ ነድቼ ባዶዬን አልመለስም" አለ አንድ የጎረምሳ ድምፅ። "ባይጠቅም አይጎዳ። ይውጉልኝ።"

"አይወጋም" አለ ሴልዋኔ።

"አንተ ማነህና?"

"ቁልፉን የያዝኩት። አይወጋም አልኩህ፤ ጥጃህን ይዘህ ከዓይኔ ጥፋ።"

ጭቅጭቁ ጦፈ። ጎረምሳው የሴልዋኔን ዘር ማንዘር አነሣ፤ ሴልዋኔም አልማረውም። ጥቂት ቆይቶ ድምፆቹ ራቁ፤ የሚነዳ ከብት ኮቴና ፉጨት ተሰማ። ሴልዋኔ ስልኩን እዚያው ድንጋይ ላይ ረስቶት ሄዷል። ኬሌቦንዬም አልዘጋችውም። ከጠረጴዛዋ ጥግ አኖረችውና ወደ ስክሪኗ ዞረች።

አብነቱ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመረች፤ ከወንፊቱ ምንም ካልወጣ እንዳይጽፍ፣ እዚያው እንዲቆምና የመደብሩን ስም እንዲጠራ። ለሁሉም መደብሮች አስነሣችው። ሮጠ ሮጠና ቆመ። "ሴሮኔ" ብሎ ጠራ።

ሴሮኔን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ በአገሩ ጫፍ ያለ ትንሽ መደብር ነው። የቢሮውን ስልክ አንሥታ ደወለች። በቀኝ ጆሮዋ ሲጠራ ትሰማለች፤ በግራዋ ከጠረጴዛው ላይ የሞሩላኔ ከብት ድምፅ እየራቀ ነው። ራ ሞኮቴዲ አንድ ኩባያ ሻይ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡና ሄዱ።

"ሴሮኔ መደብር" አለ አንድ ሰው።

"ከጋቦሮኔ ነው የምደውለው፣ ራ። ማቀዝቀዣዎ እንዴት ነው?"

"ምነው፣ ችግር አለ እንዴ?"

"አላውቅም። ከእናንተ ምንም አልሰማሁም።"

"ካልሰማሽማ ደህና ነን ማለት ነዋ" አለ ሰውዬው እየሳቀ።

"አይደለም" አለችው። "ተነሥተው ይክፈቱና እጅዎን ያስገቡልኝ። እጠብቃለሁ።"