የተቃጠለው የፊልም ጫፍ

አደሮ ሲያድ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከቅመም ሱቄ ፊት ለፊት የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግናል። «አደሮ» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። እኔን በሥጋ አይዘመደኝም፤ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ስለሚለው እኔም እለዋለሁ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አንተ የምለው ደፍሬው እንዳይመስላችሁ፤ ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ካሉት የተኮረፈ ይመስለዋል።

በሃያ ዓመቱ ከዚራ ሠፈር በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። ማጫወት ብቻም አይደለም፤ ከማሽኑ ክፍል ሆኖ በማይክሮፎን ይተረጉማል፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ በመጨረሻ በሶማሊኛ። የፊልሙን ቋንቋ ያውቃል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የሰዎቹን ፊት እያየ ነበር የሚተረጉመው፤ ተሳስተሃል የሚለው ሰውም አልነበረም።

አንድ ቀን ከጅቡቲ በባቡር አንድ አሮጌ አጭር ኮሜዲ መጣ። ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው። ሦስት አስቸጋሪ ልጆች ፍየላቸውን አስከትለው፣ ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ወጣ ያለበት ፀጉር ቤት ይገባሉ፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የወሰደውን ባለ ከረባት ሰውዬ ግማሽ ጭንቅላት ይላጩታል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ነቅቶ መስታወት ሲያነሣ ሲያድ በአማርኛ ተናገረ፣ በኦሮምኛ ደገመ፤ ወደ ሶማሊኛው ሳይደርስ ግን ሥዕሉ ሊያልፍበት ሆነ። ቀልዱ የገዛ ወገኖቹን ሊያመልጣቸው ነው። ስለዚህ ማሽኑን አቆመው። ፊልም አምፖል ፊት ከቆመ እንደሚቃጠል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን ሰዓት ግን ቀልዱ ልቡን ወስዶታል። ሸራው ላይ የሰውዬው ፊት ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ተበሳ። ሲያድ ደንግጦ ሲጎትተው ጫፉ ተቀዳደደ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት የተረፈውን ጥቅል አስታቅፎ አባረረው።

ወደ ስፌት ማሽን ጥገና የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች የጣሉትን አንድ ትንሽ የፊልም ማጫወቻ አግኝቶ፣ የስፌት ማሽን ቀበቶ ተክሎለት አስነሣው። በየዓመቱ በኢድ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ ድሬ ከሙቀቱ ሸሽታ ሱቋን ስትዘጋ፣ የሠፈሩን ልጆች ሱቁ ውስጥ ሰብስቦ ያቺኑ ፊልም ያሳያል። የተቆረጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አንሶላ ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ያኔ የጨርቅ መቀሱን ይዞ ብርሃኑ ውስጥ ይቆምና መጨረሻውን በጥላው ይጫወታል። ሰውዬው ፀጉሩን ይወደዋል፤ የከተማው ወንድ ሁሉ እንደሱ ልላጭ ብሎ ይሰለፋል፤ ልጆቹ ሐልዋ ይበላሉ፤ ፍየሏም ሳትቀር ትላጫለች። እኔ ራሴ በሰባት ዓመቴ ይህን አምኜ የወንድሜን የጦልሃን ግማሽ ጭንቅላት ላጭቻለሁ። እናቴ እኔን ትታ በቀጥታ የሄደችው ሲያድ ላይ ልትጮኽ ነበር።

ዘንድሮ የማጫወቻው አምፖል ሞተ፤ ምትክ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። የልጅ ልጁ ኒምኮ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው፣ አያቴን ላስደስት ብላ ስልኳ ላይ ስትፈልግ ፊልሙን አገኘችው። ሙሉውን፣ ከነመጨረሻው። ነገ ለልጆቹ አሳያቸዋለሁ ብትለው መንገዱን ተሻግሮ ወደኔ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ስልክ ትፈራለህ ወይ ብዬ ቀለድኩበት።

«ሉብና» አለኝ፣ «እኔ እኮ መጨረሻውን አይቼው አላውቅም። የተቃጠለው ፊልሙ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ስንት ልጅ ዋሸሁ?»

ሳቄ ጠፋ። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነገ ውሸታም እባላለሁ ብሎ ሲጨነቅ ማየት አንጀቴን በላው። ኒምኮን ተይው ልላት ሄድኩ፤ እሷ ግን ለሠፈሩ ልጆች ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ተናድጄ ተመለስኩ።

በማግስቱ አሥራ አራት ልጆች ሱቁ ውስጥ ታጨቁ። ኒምኮ ስልኳን አንዱ ስፌት ማሽን ላይ አቆመችው። ሲያድ ከሁሉም ኋላ በሩ ሥር ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። የፊልሙ ልጆች ፀጉር ቤቱ ገቡ፣ ፍየሏ ተከተለች፣ ግማሹ ጭንቅላት ተላጨ። ሰውዬው ነቃ፣ መስታወቱን አነሣ፣ ዓይኑን አፈጠጠ። ከዚያ አንዲት ነጭ ጽሑፍ መጣች። ኒምኮ «ተፈጸመ» ይላል አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። የተቃጠለው የሰውዬው ድንጋጤ ብቻ ነበር።

ወደ ሲያድ ዞርኩ፤ ፊቱን ወደ በሩ መልሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁት፤ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው የኔው ልጅ ሙስአብ ነው። «ኒምኮ፣ ፓኬጅሽ አለቀ እንዴ?»

አላለቀም፣ መጨረሻው ይህ ነው ብትል የሚያምናት ጠፋ። ሰልፉ የታለ፣ ሐልዋውስ፣ ፍየሏ መች ተላጨች እያሉ አፋጠጧት። ስልክሽ ይቆርጣል፣ ሌላ ግዢ ያላትም አለ። በመጨረሻ ከሁሉም ትንሿ አያን ተነሥታ የጨርቅ መቀሱን ከጠረጴዛው አነሣችና ለሲያድ ሰጠችው።

«አደሮ፣ ስልኩ አያውቅም» አለችው። «የቀረውን አንተ አሳየን።»

ሲያድ በሩን ገርበብ አደረገው። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ አንሶላው ላይ አረፈ። መቀሱን ይዞ ብርሃኑ ውስጥ ቆመ፤ ሰውዬው ፀጉሩን ወደደው፣ ከተማው ተሰለፈ፣ ፍየሏ ተላጨች። በአማርኛ ተናገረ፣ በኦሮምኛ ደገመ። ሶማሊኛው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ላቡን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጉሮሮውንም ጠራረገ። ምንም አልተቃጠለም።